ክርክር ያሰላሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ቢሮው አቃቂ በሰቃ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ ባለሁለት ክፍል ቤት ነበር። ደረጃው የብረት ስለሆነ ሰው ሲወጣ ከውስጥ ይሰማል። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ተቀምጬ ስለነበር፣ ያን ቀን የእናቴን ቦርሳ ይዤ፣ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ነው የወጣሁት። ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሥራ ያገኘ የክፍል ጓደኛ ብዙ አልነበረኝም።

አለቃዬ ዳንኤል ይባላል። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪውን ሠርቶ የተመለሰ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ግድም የሚበልጥ ሰው ነው። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር «አንተ በይኝ፤ ቢሮው ለእርስዎ አይበቃም» አለኝ። ምን እንዳጠና ጠየቅኩት።

«ክርክር እንዴት እንደሚሰላ።»

በደንብ የሰማሁት አልመሰለኝም። «የምን ሂሳብ ነው እሱ?»

«የቁጥር ሂሳብ አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንዱ የሚያነሳው ነጥብ የሌላውን ያፈርሳል። ያኛው ደግሞ ለማፍረሻው መልስ ያመጣል። በመጨረሻ የትኛው ነጥብ ቆሞ እንደሚቀር ደረጃ በደረጃ ማውጣት ይቻላል። ሥርዓቱን በትክክል ከጻፍሽው ኮምፒውተርም ያወጣዋል።»

ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጠኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ባለ ካሬ ደብተርና ሁለት እርሳስ ሰጠኝ። «ለአንድ ወር ኮምፒውተር አትነኪም። ነገ ጀምረሽ ችሎት ትቀመጫለሽ» አለኝ።

«ችሎት» ያለው የደንበኛችንን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ደንበኛችን የአነስተኛ አምራቾች ማኅበር ነበር። በያጆች፣ አናጺዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ጫማ ሠሪዎች የሚሠሩባቸውን የቆርቆሮ ሼዶች ያስተዳድራል። ያኔ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለው ነገር የደራበት ጊዜ ነው። ሼድ በእጣ ይታደላል፣ ከእጣው በኋላ ደግሞ ጭቅጭቁ ይከተላል። ኮሚቴው ማክሰኞና ሐሙስ ይሰየማል። የሚቀርበው ቅሬታ ስለበዛ፣ ነጥቦቹን እየለየ የሚያቀርብለት ፕሮግራም እንድንሠራለት ተዋውሎ ነበር።

የኮሚቴው መዝገብ ቤት ኃላፊ ጋሽ ታምሩ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ ጸሐፊነት አሳልፈው፣ ባቡሩ ሲቆም ወደ ማኅበሩ የመጡ ሰው ናቸው። ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ ኮምፒውተሯ?»

«ፕሮግራመር ነኝ፣ ጋሼ።»

«እሺ። እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ሰው ሲናገር ፊቱን አትዪ፣ የሚለውን ጻፊ። ፊቱን ካየሽ ታዝኛለሽ። ስታዝኚ ደግሞ ያላለውን ትጽፊለታለሽ።»

የመጀመሪያው ጉዳይ የአንዲት ልብስ ሰፊና የአንድ ጫማ ሠሪ ነበር። ልብስ ሰፊዋ «ሼዷ በእጣ የወጣችልኝ ናት» አለች። ጫማ ሠሪው «ስድስት ወር ዘግታ ጠፍታለች፣ በደንቡ መሠረት መብቷ ቀርቷል» አለ። ልብስ ሰፊዋ ከደረቷ ወረቀት አወጣች። «ወልጄ ነው የዘጋሁት። ማኅበሩ ራሱ በደብዳቤ ፈቅዶልኛል።» ጫማ ሠሪው ወረቀቱን አየና ምንም አላለም።

ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ክብ ሣልኩ። ከሁለተኛው ክብ ወደ መጀመሪያው፣ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው የተቃውሞ ቀስት ሰደድኩ። ቢሮ ተመልሼ ለዳንኤል አሳየሁት። ጣቱን ሦስተኛው ክብ ላይ አሳረፈ።

«ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ ቆሟል። የቆመ ነጥብ የነካው ይወድቃል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ወደቀ። መጀመሪያውን ሲቃወም የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ከወደቀ መጀመሪያው ይቆማል። የስሌቱ ሥርዓት፣ አልጎሪዝሙ፣ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ድግግሞሽ ነው።»

ያን ወር ሁለት ደብተር ጨረስኩ። ሰዎች ሲከራከሩ በቅደም ተከተል እንደማይናገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዋናው ነጥብ አንዳንዴ ከበር ሲወጡ ይመጣል። አንዳንዴ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያሉ የተቃወሙ ይመስላቸዋል። ጋሽ ታምሩ እንዲህ ያለውን ወዲያው ይለዩታል። «ይህ ቀስት አይደለም፣ ቁጣ ነው፤ ሰርዢው» ይሉኛል።

ፕሮግራሙን መጻፍ አራት ወር ፈጀ። ሁለት ሠንጠረዥ አለው። አንዱ ነጥቦቹን ይይዛል፣ ሌላው የትኛው ነጥብ የትኛውን እንደሚቃወም። ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማንም ያልተቃወመውን ነጥብ ፈልጎ «ቆሟል» ይለዋል። ከዚያ የቆመው የሚቃወመውን ሁሉ «ወድቋል» ይላል። ከዚያ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ የወደቁለትን ይፈልግና እሱንም «ቆሟል» ይላል። የሚለወጥ ነገር እስኪያጣ እንዲህ ይመላለሳል። በመጨረሻ ያልቆመም ያልወደቀም ከተረፈ «ተንጠልጥሏል» ብሎ ያወጣዋል። ሁለት ነጥቦች እርስ በርስ ሲቃወሙና ሦስተኛ የሚዳኛቸው ነጥብ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

የቆመውን በአረንጓዴ፣ የወደቀውን በቀይ፣ የተንጠለጠለውን በቢጫ አደረግኩት። ጋሽ ታምሩ ስክሪኑን አይተው «ባንዲራ አስመሰልሽው እኮ» አሉ። ቢጫውን ወደ ግራጫ ቀየርኩ።

የሞከርነው በእሳቸው አሮጌ መዝገቦች ነው። የተዘጉ ፋይሎችን አንድ በአንድ አስገብተን የፕሮግራሙን ውጤት ከኮሚቴው ውሳኔ ጋር አስተያየን። አብዛኛው ገጠመ። ያልገጠመው ብዙውን ጊዜ እኔ አንድ ቀስት ስለረሳሁ ነበር። አንዱ ፋይል ላይ ግን ሁለት ጊዜ ብፈትሽ የረሳሁት ነገር አጣሁ። ጋሽ ታምሩ መዝገቡን ወስደው በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው «እዚህ ላይ የተሳሳትነው እኛ ነን። ሰውየው የሰጠንን መልስ ጽፌዋለሁ፣ ግን ማንም አላነበበውም» አሉ። ፕሮግራሙን ማመን የጀመሩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እኔም ከልክ በላይ ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዳንኤል ሌላ ስልትም ፈለገ። የተንጠለጠለ ነገር ሲኖር፣ እርስ በርሳቸው የማይጋጩና ለሚነሳባቸው ተቃውሞ ሁሉ መልስ ያላቸው ነጥቦች በስንት መንገድ አንድ ላይ ሊቆሙ እንደሚችሉ ፕሮግራሙ እንዲዘረዝር። ይህ ከባድ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ይግባ ወይም ይውጣ ስትል፣ አንድ ነጥብ በተጨመረ ቁጥር የሚፈተሸው ነገር እጥፍ ይሆናል። ሃያ ምናምን ነጥብ ያለው ፋይል አስገብቼ ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስብ ዋለ። ሊጨርስ ነው ስል መብራት ጠፋ። መጠባበቂያው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ጥቂት ጮኸና እሱም ዝም አለ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ በቀላሉ ስልት የሚለየው ሁሉ ይለይ፤ ከዚያ ከባዱ ፍለጋ የተንጠለጠሉት ላይ ብቻ ይሠራ። ከሃያ ምናምኑ ነጥብ የተንጠለጠሉት አራት ብቻ ነበሩ። አዝራሩን ተጭኜ ጣቴን ሳላነሳ መልሱ ወጣ። ዳንኤል ያን ቀን ከመንገዱ ማዶ ካለው ካፌ ማኪያቶ ጋበዘኝ። እቤት ገብቼ ለእናቴ ላስረዳት ሞከርኩ። «ብቻ ሰው አይጎዳም?» አለችኝ። አይጎዳም አልኳት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ጽጌ ነበሩ። ቀጥተኛ ሰው ናቸው፤ በጠዋት ይገባሉ፣ ባለጉዳይ አያጉላሉም። ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር እንደሆነው ወደ ቢሮአቸው አስጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ ግራጫ የበዛባቸው የፕሪንተር ወረቀቶች ተደርድረዋል።

«ይህ ተንጠልጥሏል የሚባለው ነገር ምንድን ነው?»

ዳንኤል አስረዳቸው። በትዕግሥት ሰሙት።

«ገብቶኛል። ግን ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ተንጠልጥላችኋል ልበላቸው? ሰው ውሳኔ ፈልጎ ነው የሚመጣው። የሚቆመውን ለይታችሁ አምጡልኝ።»

በታክሲ ስንመለስ ዳንኤል «ከባዱ ፍለጋ የሚያስኬዱትን መልሶች ሁሉ ያገኝ የለ? አንዱን ያትም» አለኝ።

«የትኛውን?»

«መጀመሪያ ያገኘውን አድርጊው። ለጊዜው ነው። በኋላ የተሻለ መለያ እናስብበታለን።»

አንድ መስመር ኮድ ነው የጨመርኩት። ከጎኑ «ለጊዜው» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ፍለጋው የሚነሳው ከሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ መሆኑን አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ መጀመሪያ መጥቶ የተመዘገበው ሰው መሆኑንም አውቅ ነበር። ሁለቱን አገናኝቼ ግን አላሰብኩም። ግራጫው ከወረቀቱ ጠፋ። ወይዘሮ ጽጌ ደስ አላቸው። ስለ መለያው ዳንኤልም አላነሳም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ከሁለት ዓመት በላይ እንደዚያው ሠራ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት የብረቱ ደረጃ ላይ የቀስታ እርምጃ ሰማሁ። የገቡት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የሥራ ቱታቸው እጅጌ ላይ የብየዳ ብልጭታ ያቃጠላቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። «ሽኩር እባላለሁ» አሉኝ። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው አቃቂ ውስጥ በርና መስኮት ሲበይዱ የኖሩ ናቸው። አሥራ አራት ቁጥር ሼድ ውስጥ ይሠራሉ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ተወስኖባቸዋል፤ አምስቱ ቀን አልፏል።

«ጋሽ ታምሩን ስጠይቃቸው ነጥቡን የለየው ማሽኑ ነው አሉኝ። ማሽኑ ያለው እዚህ ነው አሉ» አሉኝ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ልከስ አልመጣሁም። ማሽኑ ምን ብሎ እንደረታኝ ልወቅ ብዬ ነው።»

ፋይሉን ከፈትኩ። ሌላኛው ወገን ብርሃኑ የሚባል አናጺ ነው። እሱም የአሥራ አራት ቁጥር ሼድ የምደባ ደብዳቤ አለው፤ ጋሽ ሽኩርም አላቸው። ሁለቱም ማኅተም አለባቸው። ብርሃኑ «የእሳቸው ደብዳቤ በስህተት የወጣ ነው» ይላል። ጋሽ ሽኩር «በስህተት የወጣው የእሱ ነው» ይላሉ። ሌላ ነጥብ የለም። አንድ ቀስት ወዲያ፣ አንድ ቀስት ወዲህ። ስክሪኑ ላይ የብርሃኑ ነጥብ አረንጓዴ ነው።

ለሰውየው ከማስረዳቴ በፊት የሠንጠረዡን ረድፎች አየሁ፤ የብርሃኑ ይቀድማል።

«ቅሬታውን ያስገቡት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«እሱ ሰኞ አስገባ። እኔ ማክሰኞ። ሰኞ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ የአንዲት ባለሱቅ በር ስበይድ ነው የዋልኩት፤ የእስረኛ ጠያቂ የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ሳልጨርስላት ልሄድ አልቻልኩም። ምነው፣ ቀኑ ያመጣው ነገር አለ?»

የፋይሉን ቅጂ ወስጄ የሁለቱን ረድፎች ቦታ አቀያየርኩ። አዝራሩን ተጫንኩ። አሁን አረንጓዴ የሆነው የጋሽ ሽኩር ነጥብ ነው። እሳቸው ከጠረጴዛው ማዶ ስለተቀመጡ ስክሪኑ አይታያቸውም።

በዚያች ደቂቃ እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። «አንድ የምፈትሸው ነገር አለ፣ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ። እርምጃቸው ደረጃውን ወርዶ እስኪያልቅ ሰማሁት።

ለዳንኤል ያኔውኑ ነገርኩት። ረድፎቹን ሁለት ጊዜ አቀያይሮ ራሱ አየው። ወንበሩ ላይ ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና አንተ።»

«አስተካክዪው። ከነገ ጀምሮ የሚገባው ፋይል ትክክል ይሆናል።»

«ጋሽ ሽኩር በአሥር ቀን ውስጥ ይወጣሉ እኮ።»

«እዚህ ቢሮ አራት ሰዎች ነን። ሌላ ደንበኛ የለንም። ውሉ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው» አለ። በቁጣ አልነበረም። እንድረዳው የለመነኝ ያህል ነበር። ተረዳሁትም። ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

የሄድኩት ጋሽ ታምሩ ጋ ነው። መዝገብ ቤቱን ሊዘጉ ቁልፍ ይዘው ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሲሰሙ አላቋረጡኝም።

«መዝገብ ላይ ስሳሳት የማደርገውን አይተሻል?» አሉኝ።

«በቀይ ይሰርዛሉ።»

«በአንድ ቀጭን መስመር። የተሰረዘው እንዲነበብ። ጎኑ ላይ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ጣቢያ ስቀጠር አልፈርምም ነበር፤ ገጹን ቀድጄ አዲስ እጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ገጽ ምክንያት አንድ ጭነት አውራጅ የሁለት ቀን ቀሪ ተባለ። እውነቱ ያለው እኔ የቀደድኩት ገጽ ላይ ነበር። ሰውየውን ከሥራ አስወጡት።» ቁልፉን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከመሳቢያ ነጭ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «ብርሃን ሳይሄድ ጻፊው።»

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ሆነ። ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሠራ፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን። በማግስቱ ጠዋት ለኮሚቴው ከማስገባቴ በፊት ለዳንኤል አሳየሁት፤ ሳያውቅ እንዲሰማ አልፈለግኩም። ቆሞ አነበበው። እስክሪብቶ አውጥቶ «ስህተቱ የእኔ ነው» የሚለውን «የእኛ ነው» አደረገውና ከስሜ ሥር ፈረመ። «መጀመሪያ ያገኘውን አትሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። ደብዳቤውን መልሶ ሰጥቶኝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ጋሽ ሽኩር እንደቀጠርኳቸው መጡ። ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ አዳመጡ።

«እንዲያው ቀድሞ ስለመጣ ብቻ?»

«አዎ።»

«እኔ ደብዳቤዬ ላይ የሆነ ጉድለት ያገኘብኝ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን አውጥቼ ሳየው ነው ያደርኩት» አሉ። ተነስተው ሲወጡ «ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጋሽ ታምሩን ጠርተው ጋሽ ሽኩር ከሼዱ እንዳይነሱ ውሳኔው በዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲታገድ አዘዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በዚህ ዓይነት የተወሰነ ስንት ፋይል ነው?»

«እስካሁን አላውቅም።»

«እወቂ» አሉኝ። ልወጣ ስል «አምኜሽ ነበር» ብለው ጨመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ፋይል አንስቼ የረድፉን ቅደም ተከተል ገለበጥኩና ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ አየሁ። አብዛኛው ምንም አልተለወጠም። የተለወጡት ዘጠኝ ነበሩ። የዘጠኙን ስም በእጄ ጽፌ አስገባሁ። ኮሚቴው ፕሮግራሙን አቆመ፣ ውሉም አልታደሰም። ዳንኤል ለስድስት ወር ለትምህርት ቤቶች የውጤት ካርድ የሚያትም ፕሮግራም እየሠራ ቢሮውን አቆየው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ደብተሬን ይዤ ችሎት ተመለስኩ። ዘጠኙም ፋይሎች እንደገና ይሰማሉ፤ እንድጽፍ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው የአሥራ አራት ቁጥሩ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ክርክሩን ከሰሙ በኋላ «ተነሱ፣ ቦታውን እንየው» አሉ። ሁላችንም በእግራችን ሄድን። ጋሽ ታምሩ አሮጌውን የምደባ መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። ሼዶቹ ፊት ቆመው ገጹን ሲያገላብጡ ቆዩና ወደ መንገዱ ዳር ተመለከቱ።

«መንገዱ ሲሰፋ ከፊት የፈረሰች ሼድ ነበረች አይደል?» አሉ።

ነበረች። አንዷ ከፊት ስትፈርስ የቀሩት ሁሉ ከአንድ ጀምሮ እንደ አዲስ ቁጥር ተቀብቶባቸዋል። የብርሃኑ ደብዳቤ የወጣው ከቀለሙ በፊት ነው፤ ማሽን እስኪገዛ ብሎ ሳይገባበት ቆይቷል። የጋሽ ሽኩር ደብዳቤ የወጣው ከቀለሙ በኋላ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ትክክል ናቸው። የብርሃኑ ሼድ አሁን አሥራ ሦስት ቁጥር የሚባለው ነው። እሱን ከፈትነው። የማኅበሩ ስብርባሪ ወንበሮችና የደረቀ ሲሚንቶ ከረጢቶች ተከምረውበታል።

ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሞ ክምሩን አየ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሽኩር ዞሮ «ጋሼ፣ ስሰድብዎ ከርሜያለሁ» አለ።

«እኔም በሆዴ» አሉ ጋሽ ሽኩር። ጎንበስ ብለው አንድ ወንበር አነሱ። «ና፣ እናውጣው።»

ይህን ነጥብ ያነሳ ተከራካሪ አልነበረም። ስለዚህ ሠንጠረዤ ውስጥ አልነበረም። ማንኛውም አልጎሪዝም፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ያላስገባንለትን ነጥብ አያመጣም።

ሁሉም ግን እንዲህ አላማረም። ከዘጠኙ የሦስቱ ውሳኔ እንደገና ተሰምቶም እንደነበረ ጸና። ሁለት ሰዎች አገር ቤት ገብተዋል ተባለ፤ ብናፈላልግም አላገኘናቸውም። የመጨረሻዋ ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ ሹራብ ሠሪ ነበሩ። የተማሪ ሹራብ ይሠሩበት የነበረውን ሼድ ከለቀቁ ዓመት አልፏቸዋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ጋ እንደገቡ ሰማሁ። ደብዳቤውን ለማድረስ ሁለት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ሻይ አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስህተቱን ነገርኳቸው። ማኅበሩ ሌላ ሼድ ሊሰጣቸው እንደተዘጋጀም ነገርኳቸው።

«ማሽኔን ሸጥኩት» አሉ። «ጉልበቴም ደረጃውን በቀን አንዴ ነው የሚችለው። ለሚሠራ ሰው ይስጡት።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ያኔ ለምን ተወሰነብኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። ኮምፒውተሩ ነው አሉኝ። ሰው ቢሆን እከራከር ነበር። ኮምፒውተር ሲሉኝ፣ እኔ የማላስታውሰው ጥፋት ይኖርብኛል ብዬ ተቀበልኩት። ለልጆቼም እንደዚያ ነው የነገርኳቸው።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ጻፊልኝ» አሉ። «ጥፋት እንደሌለብኝ። ለልጆቼ ላሳያቸው።»

ከደብተሬ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩት። ስሜንና የሥራ ድርሻዬን ጽፌ ፈረምኩበት። አስነበቡኝ። «እንደገና» አሉኝ፣ እንደገና አነበብኩላቸው። ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ።

ከግማሽ ዓመት በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ለዳንኤል ደወሉ። ፋይሉ እየተከመረ ነው። ፕሮግራሙን መልሰው የሚፈልጉት በአንድ ነገር ከተስማማን ብቻ እንደሆነ ተናገሩ፤ ግራጫው ይመለስ። መለስነው። አሁን የተንጠለጠለ ነጥብ ሲኖር ወረቀቱ የትኞቹ ሁለት ነጥቦች እንደተያያዙ ያሳያል፣ ከሥሩም «የቦታ ምልከታ ያስፈልጋል» ብሎ ያትማል። ኮሚቴው ሐሙስን ለምልከታ ለየው። እኔም አዲስ ፈተና ጨመርኩ። ማንኛውም ፋይል ከመታተሙ በፊት ረድፎቹ ተገላብጠው እንደገና ይሰላሉ፤ ውጤቱ ከተለወጠ ፕሮግራሙ ውሳኔ አያወጣም።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ፍለጋውን የሚያፋጥኑ ብዙ ስልቶች ተማርኩ፣ አንዳንዱን ራሴ አወጣሁ። ዛሬ ከሥሬ የሚሠሩ ወጣት ፕሮግራመሮች አሉ፤ አብዛኛው ጥያቄያቸው ስለ ፍጥነት ነው፤ ያንን አስተምራቸዋለሁ። ከፍጥነቱ በፊት ግን አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ፕሮግራማችሁ ሁለት እኩል መልሶች አግኝቶ አንዱን ካተመ፣ የመረጠው ማሽኑ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። መምረጥ ካልቻላችሁ አልቻልኩም ብሎ እንዲያትም አድርጉት፤ ሰው ሄዶ ያየዋል።